ራኪያን ወንዝ ስላሻገሩልን ምክትል እጩ

ለክቡር አልሃጂ ሙንታሪ ዳንላዲ
የጎህ ኅብረት ፓርቲ ሊቀመንበር
ካዱና፣ ናይጄሪያ

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በዚህ ሰሞን ስለ ሃይማኖታችን ሲጨነቁ ምግብም አይበላልዎት ይሆናልና ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥዎ። እኔ ላራባ ኢስቲፋኑስ እባላለሁ፤ ክርስቲያን ነኝ። ከሙስሊሟ ጎረቤቴ ከሐጂያ ራኪያ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሩዝ ቂጣ ሸጠናል፤ እሷ ታቦካለች፣ እኔ እጠብሳለሁ። ይህን የምጽፍልዎት የምስጋና ዕዳ ስላለብኝ ነው።

፩ኛ፣ ለሙስሊሙ የፕሬዚዳንት እጩዎ እንደ ልማዱ ክርስቲያን ሳይሆን ሙስሊም ምክትል ስለመረጡለት አመሰግናለሁ። ምክትሉ መንገድ ይሠራ እንደሆን የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ የት እንደሚሰግድ ግን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል። የእኛም ፓስተር ከእርስዎ አላነሱም፤ እሑድ ዕለት "ስሙን እያያችሁ ምረጡ፣ ሌላውን ለእግዚአብሔር ተዉት" ብለው አሰናብተውናል።

፪ኛ፣ ደንበኞቻችንን ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። ድሮ "ላራባ፣ ትኩሱን አምጪ እንጂ፣ ምን ያስተኛሻል!" እያለ የሚያሾፍብኝ ሙስሊሙ ባለሞተር ሳኒ፣ ዛሬ ራቅ ብሎ ይቆምና "የጠበሰችው ማናት?" ይላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስጠብስለት ዓይኑ የት ነበር ጃል!

፫ኛ፣ ሳህኔን ስላስመለሱልኝ አመሰግናለሁ። በእኛ ሰፈር በገና እኔ ለራኪያ ሩዝና ዶሮ እልካለሁ፣ በአረፋ እሷ የበግ ሥጋ ትልክልኛለች። ዘንድሮ በገና የላክሁት ሳህን ክዳኑ እንኳ ሳይነሳ ተመለሰ። ሮጬ ሄጄ በሩን ባንኳኳ፣ ራኪያ በመስኮት በኩል "ላራባ እህቴ፣ ወንድሜ እንዳትቀበዪ ብሎኛል፤ ሰው ሳያይሽ ሂጂልኝ" አለችኝ። ታለቅስ ነበር። እኔም እያለቀስኩ ሳህኔን ይዤ ተመለስኩ።

ምርጫው ቅዳሜ ነው። ጎማ መቃጠል ጀምሯል፤ ሙስሊሙ ከተማችንን ለሁለት ከሚከፍለው ወንዝ ወደ ሰሜን፣ ክርስቲያኑ ወደ ደቡብ ዕቃውን እየጫነ ነው። ትናንት የራኪያ ወንድም የጭነት መኪና ይዞ መጣ፣ ፍራሿን ጫነ፣ የምታቦካበትን ገንዳ ጫነ፣ እሷንም ከፊት አስቀምጦ ወሰዳት። አንድ ቀን እንኳ በሬዲዮ ወጥተው "ኧረ ተዉ፣ ይሄ ምርጫ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም" ብለው ቢሆን ኖሮ እዚሁ ትቀርልኝ ነበር። ግን ሥራ በዝቶብዎታል፤ እንዴት ብዬ እቀየምዎታለሁ?

ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቷ የማትረሳው፣ ከወንዙ በስተደቡብ ብቻዋን የቀረችው ታዛዥዎ፣
ላራባ ኢስቲፋኑስ

ማስታወሻ፦ የልጅዎን የሠርግ ፎቶ ጋዜጣ ላይ አየሁት፤ እንኳን ደስ ያለዎት። እርስዎ፣ ምክትል እጩዎና የእኛ ፓስተር ከአንድ ትሪ እየተጎራረሳችሁ ስትስቁ እንዴት ታምራላችሁ! ትሪው ላይ ያለው የሩዝ ቂጣ ራኪያ ያቦካችው፣ እኔ የጠበስኩት ነው። ያን ዕለት "የጠበሰችው ማናት?" ያለ አንድም እንግዳ አልነበረም፤ ትሪው ተጠርጎ ነው የተመለሰልን። ለሁለተኛዋ ልጅዎ ሠርግ ሲያዙን ግን ቀደም ብለው ያሳውቁን፤ መጥበሻው እኔ ዘንድ ነው፣ ሊጡ ከወንዙ ማዶ ነው።