አባትሽ ያየው ሰልፍ

ልጄ ኢፍራህ፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የደቻቱ ወንዝ ዘንድሮም ሞልቶ የጎረቤታችንን አጥር ወሰደው።

አባትሽን ሐሙስ ዕለት ቀበርነው። ስልክሽ ስለማይሠራ በጓደኛሽ በዱኒያ በኩል ጻፍኩልሽ።

በሰማንያ አንድ ለሴኡል ኦሎምፒክ በቦክስ ተመርጦ፣ «አገራችን ሴኡል አትሄድም» ተብሎ የቀረ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ። አንቺ በሄድሽበት ኦሎምፒክ መክፈቻ ከባንዲራችን ኋላ ስትሰለፊ በቴሌቪዥን ሲያይሽ ሕመሙን ረስቶ ተነስቶ ቆመ። ከስፖርተኞቹ ካምፕ ጠፍታ እዚያው ውጭ አገር ቀረች ሲሉን እኔ ረገምኩሽ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሱ ግን «ተያት ናፊሳ፣ እኔ ያልደረስኩበት ደርሳለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑን አልከፈተም።

ሊሞት ሲል «ልጄ የት ነው የምታድረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልቆጣሽም ልጄ። ለአባትሽ ዱዓ አድርጊለት፤ አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ። ደውይና የምታድሪበትን ንገሪኝ።

እናትሽ ናፊሳ