ስድስት ሜትር ለአፍሪካ ዋንጫ

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ዘጠና ሰባት። ሦስት ጊዜ ለካን፣ ሦስቴም ዘጠና ሰባት። ገመቹ የብረት ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሣሩ ላይ ዘፍ አለ። እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ለአዲስ አበባ የጻፍነው መቶ ሦስት ብለን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ አለዚያ ነገ ራሴም አላምነው። አገራችን የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ እኔ ላስተናግድ ብላ ጠይቃለች። ከአዲስ አበባ ሌላ ሁለተኛ ሜዳ ስለሚፈለግ ሜዳ አለኝ የሚል ከተማ ያመልክት ተባለ። ነቀምቴም ኮሚቴ አቋቋመች። ሰብሳቢው የሜዳው ባለርስት ቀኛዝማች ደምሴ ናቸው። ኳሱን የሚያውቀው መምህር ገመቹ ነው። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ለምን እኔ? በጽሕፈት መኪና መጻፍ ስለምችል። በሕይወቴ ከኳስ ጋር የተገናኘሁት አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም በመንገድ ሳልፍ ከየት መጣ ሳልለው ጀርባዬን መታኝ።

ሜዳውን ነሐሴ ላይ የለካሁት እኔ ነኝ። ሜትር ስላልነበረን ከቀኛዝማች ቤት ቀላድ ተዋስን፤ አባታቸው በዘመናቸው መሬት ያስለኩበት የቃጫ ገመድ ነው፣ ልኩ ስልሳ ስድስት ሜትር። ያን ቀን ዝናቡ አላባራም ነበር። ዛሬ ገመቹ ቤተ ክርስቲያን ከሚሠሩት አናጢዎች የብረት ሜትር ለምኖ አመጣ። ደረቁን ገመድ ከሜትሩ ጋር አስተያየነው፣ ልክ ስልሳ ስድስት። ከዚያ ገመቹ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አቆየውና አውጥተን ወጠርነው፤ ስልሳ ሁለት። የቃጫ ገመድ ሲርስ እንደሚያጥር በሬ አስሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ዕድሜዬን ወረቀት ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ ርዝመቱ ከመቶ ሜትር ያነሰ ሜዳ አይታይም። ሜዳውን አይተው የሚወስኑት ተመልካቾች ዓርብ ይመጣሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 21

ጠዋት ቀኛዝማች ቤት ሄጄ ተናዘዝኩ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«አጠረ?» አሉ። «እንግዲያው እናስረዝመዋለና!»

ሜዳው በላይ በኩል ገደል ነው፣ ወደዚያ አይረዝምም። በታች በኩል፣ ወደ ጨለለቂ ሰፈር መውረጃው ላይ፣ የአዴ ዲንቂቱ ግቢ ነው። ሦስት ሜትር ለሜዳው፣ ሦስት ሜትር ከጎሉ ኋላ ለመሮጫ። ስድስት። ስድስት ሜትር ማለት አጥራቸው፣ የጎመን መደባቸው፣ ቤታቸውም ከነምሰሶው።

አዴ ዲንቂቱ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤቴ ናቸው። የኔ ክፍልና የእሳቸው ቤት የሚለያዩት በአንድ አጥር ነው። ባላቸው የቀኛዝማች ጭሰኛ ነበሩ፣ ከሞቱ ቆዩ። መሬቱ የቀኛዝማች ነው፣ ቤቱ ብቻ የእሳቸው። ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ አጥሚት ያቀበሉኝ በዚያ አጥር ላይ ነው።

«የላክነውን ወረቀት ብናርመውስ?» አልኩ።

«የኔ ፊርማ ያለበትን? ጠቅላይ ግዛቱ ድረስ የሄደውን?» አሉ። «ይልቅ ለሴትዮዋ ደብዳቤ ጻፍ። እስከ ሐሙስ ትነሣ። ሌላ ቦታ እሰጣታለሁ፣ ወደ ወንዙ ግድም።»

ወንዙ ግድም ክረምት ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ይህን ግን አልተናገርኩም።

ጻፍኩት። በካርቦን ሦስት ቅጂ። አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

ለምሳ ስገባ አዴ ዲንቂቱ ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አካም ኦልቴ፣ ያ ታፈሰ። ነጋዳ?» የቤቴን፣ የጉልበቴን፣ የሥራዬን ሰላም አንድ በአንድ ጠየቁ፤ እሳቸው ሳይጠይቁ አያልፉም። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። የኔው ወረቀት።

ፊደል ያውቃሉ፤ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከኔ ይልቅ ቀጥ አድርገው ያነባሉ። የቢሮ አማርኛ ሲመጣ ግን ለኔ ያመጡታል። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነው፣ የግብር ወረቀት፣ የመጥሪያ ወረቀት፣ ሁሉንም እኔ አነብላቸዋለሁ።

«ፊደሉን ቆጠርኩት» አሉ፣ «ነገሩ ግን ወደኔ አልመጣም። ማሎ፣ እባክህ ምን ይላል?»

አየሁት። ‹የያዙትን ቦታ እስከ ሐሙስ ድረስ ለቀው› የሚለው ከላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። የት እንዳለ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

«ስለ አጥሩ ነው» አልኩ። «ወደ ሜዳው ተጠግቷል መሰለኝ። እኔ እጠይቃለሁ።»

«አጥሩ ብቻ? ዋቃ ይስጥልኝ። እኔማ የከበደ ነገር መስሎኝ ሌሊቱን አልተኛሁም።» ሳቁ። ገለቶሚ፣ ገለቶሚ እያሉ አመስግነውኝ ሄዱ።

ምሳዬን አልበላሁም። እንዴት ያለ ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 23

ለዓርብ የቀረን፦ ኖራ ሁለት ከረጢት። የጎሉ ቋሚዎች ቀለም። ባንዲራ። ለእንግዶቹ በግ (ቀኛዝማች ችለውታል)። የገደሉ አፍ ላይ ሰው እንዳይወድቅ ገመድ፤ ደረቅ ይሁን።

ቀልዱ እኔንም አላሳቀኝም።

የገመቹ ተማሪዎች ከጠዋት ጀምሮ ሣሩን በማጭድ ሲያጭዱ ዋሉ። እሱ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሮጠ የአፍሪካ ተጫዋቾች በየት እንደሚገቡ፣ ሕዝቡ የት እንደሚቆም ያሳያል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህን ሜዳ ድንጋይ በድንጋይ ለቅሞ ያጸዳው እሱ ነው፣ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ደስታውን ሳይ ደከመኝ።

ከሰዓት የቀኛዝማች ሰዎች ችካል መቱ። አንዱ ችካል የአዴ ዲንቂቱ ጎመን መካከል ተተከለ። ገመቹ አየውና ወደኔ መጣ።

«ጋሼ ታፈሰ፣ ያ ችካል እዚያ ምን ይሠራል?»

ነገርኩት። ለእሱ መንገር አላቃተኝም፣ የሚገርመው ይሄ ነው። ፊቱ ጠቆረ። አዴ ዲንቂቱ በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩት ናቸው። ችካሉንም ሜዳውንም ደጋግሞ አየ። ከዚያ ኮቱን አንሥቶ ሊነግራቸው ወደ ቤታቸው ወረደ።

በማታ በአጥሩ በኩል ዕቃ ሲወጣ ይሰማኛል። ድስት፣ እንስራ፣ ሣጥን። ለቅሶ ብጠብቅም አልመጣም። ወጥቼ አንድ ነገር ልበላቸው ብዬ ጫማዬን አድርጌ ነበር፣ መልሼ አወለቅሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24

ጠዋት አጥሩን ነቀሉት። ቤቱ ራቁቱን ቀረ። አዴ ዲንቂቱ ደጅ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ የማኅበረ ምእመናኑ ሴቶች ደግሞ ዙሪያቸውን። ጣሪያ ሊያወርዱ የመጡት ሰዎች ሴቶቹን አልፈው መግባት አፍረው ቆሙ።

አራት ሰዓት ላይ ጃርሶች መጡ። አምስት ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ወደ ቀኛዝማች ቤት ወጡ፣ እኔም ቃለ ጉባኤ ያዝ ተብዬ ተከተልኩ። ደጁ ላይ ሣራቸውን እንደያዙ ቆሙ፣ ግቡ ሲባሉ አልገቡም፣ ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። እዚህ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ለቆመ ሽማግሌ ፊት መንሣት የሚደፍር የለም። ቀኛዝማችም አያታቸው ከሸዋ ቢመጡም እዚህ ሦስተኛ ትውልድ ናቸው፣ ያውቁታል።

ብዙ ተከራከሩ። አማርኛው ሲሞቅ ኦሮምኛ ይሆናል፣ ኦሮምኛው ሲበርድ አማርኛ። በመጨረሻ ቀኛዝማች እንዲህ አሉ፦

«እሺ። ቤቱ እስከ ነገ አይነካም። ተመልካቾቹ ሜዳውን ከተቀበሉት ይፈርሳል። ካልተቀበሉት ሴትዮዋ በቤቷ ትኑር፣ ሁለተኛ አልጠይቃትም። ይኸው፣ በፊታችሁ።»

«ቶሌ» ብለው ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ሣሩን ደጁ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። ስወጣ ቀኛዝማች በክንዴ ያዙኝ። «ነገ ሲጠይቁህ መቶ ሦስት ነው። ቤቱ ነገ የሚነሣ ስለሆነ ውሸት አይደለም። ገባህ?»

ገብቶኛል አልኩ። ስንቱ ነው የሚገባኝ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 25

አልቋል። ሰውነቴ እንደተቀጠቀጠ ነው፣ ግን ሳልረሳው ልጻፍ።

ተመልካቾቹ በላንድሮቨር መጡ፣ ሁለት ናቸው። አቧራው ቅንድባቸው ላይ ጋግሯል። ሹፌራቸው ሁለት ጊዜ ጎማ ለወጥን እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ከተማው ሙሉ ወጥቷል። ባንዲራ፣ የተማሪ መዝሙር፣ የቀኛዝማች ንግግር፣ ስለ ግርማዊነታቸው፣ ስለ አፍሪካ፣ ስለ ወለጋ እንግዳ አቀባበል። መነጽር ያደረገው ሰውዬ ደብተሩን ይዞ ከገደሉ ጀምሮ ወደ ታች ተራመደ፣ እኛም ተከተልን። የኖራው መስመር እስከ አዴ ዲንቂቱ ግድግዳ ሄዶ ይቆማል። እሳቸው በራቸው ላይ ቆመዋል፣ እጃቸውን አጣምረው።

«ይሄ ቤት?» አለ ሰውዬው።

«ነገ ይነሣል» አሉ ቀኛዝማች።

«ሜዳውን የለካው ማነው?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ገመቹ ግን ወደ ሜዳው ነበር የሚያየው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስንት ነው?»

መቶ ሦስት አፌ ላይ ነበረ፤ ለአራት ቀን ስለማመደው ከርሜአለሁ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደለወጠኝ አላውቅም። ጀግንነት አልነበረም፤ ያን ቁጥር አንድ ጊዜ ጨምሮ የመሸከም አቅም አጣሁ።

«ዘጠና ሰባት» አልኩ። «ነሐሴ ላይ በራሰ ገመድ ለክቼ ተሳሳትኩ። ስህተቱ የኔ ነው፣ የቀኛዝማች አይደለም፣ የቤቱም አይደለም።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀና ጠረገው። «ከመቶ በታች አይታይም ብለን ጽፈናል» አለ፣ ሳይቆጣ። አንድ መስመር ጻፈ፣ ደብተሩን ዘጋ። በጉን በሉ፣ አመሰገኑ፣ ወደ ጊምቢ አቀኑ።

ቀኛዝማች ቃላቸውን አላጠፉም፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው ነበርና። ለኔ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ደጄን አትርገጥ» አሉኝ። ጨምረውም «ሜዳውንም ለሚያዝያ አሳርሰዋለሁ፣ ቢያንስ ጤፍ ይወጣዋል» አሉ። ይህን ያሉት ገመቹ እየሰማ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26

ገበያ ላይ ሰው አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ግማሹ ነቀምቴን አሰደብክ ይላል፣ ግማሹ ደግ አደረግህ ይላል። የሁለቱም ሰላምታ አጠረ።

ገመቹን የብረት ሜትሩን ሊመልስ ሲሄድ አገኘሁት። አብሬው ተራመድኩ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ስለተናገሩ አልቀየምም» አለ። «ግን መቶ ሦስት ነው ሲሉኝ አምኜ ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር። ነሐሴ ላይ ዘጠና ሰባት ቢሉኝ እኮ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀር ነበር። ማንም አያርሰውም ነበር።»

ልክ ነው። ይቅርታ አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

አገራችን ዋንጫውን የማስተናገድ ዕድል ታግኝ አታግኝ ገና አልተወሰነም። ብታገኝ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። በሬዲዮ እሰማዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 27

ጸሎቱ እንዳለቀ አዴ ዲንቂቱ ብቻቸውን አጥራቸውን ሲተክሉ አየሁ። ሄድኩ። ሳልጠየቅ ጉድጓዱን መቆፈር ጀመርኩ። ሰላም አሉኝ፣ የጉልበቴን ሰላም ግን አልጠየቁም። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያ ሠራን። እኔ እቆፍራለሁ፣ እሳቸው እንጨቱን ያቆማሉ፣ አፈሩን በእግራቸው ይረግጣሉ።

ስድስተኛው እንጨት ላይ ቆሙ።

«ዓርብ ለኔ ብለህ ተዋረድክ። አየሁ» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማክሰኞ ወረቀቱን ስታነብልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ የጠየቁኝን መልሻለሁ። ሌላውን ማንም አልነገራቸውም፣ የሚነግራቸውም የለም።

«የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። «ደብዳቤውን። በነዚህ እጆች።»

እጆቼን አዩ፣ አፈር ለብሰዋል። ብዙ አዩአቸው። አንዲት ሴት በመንገዱ ሰላምታ ሰጥታ አለፈች፣ አልመለሱላትም፤ በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲያደርጉ አላየኋቸውም። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላወቅሁም፣ አሁንም ይህን ስጽፍ አላውቅም።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የሚቀጥለውን እንጨት አነሡና ጫፉን ወደኔ አዞሩት።

«ያዝ» አሉ። «ቀና አድርገህ ያዝ።»

ያዝኩ።