የዘንድሮ ፎቶ

ለወንድሜ ለአያ የሻው፦ የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔ እዚህ ማራኪ ሰፈር፣ እማዬ እዚያ ደባርቅ፣ በለመድነው ብርዳችን ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እኔ እንደሆነ ሥራ በዝቶብኛል። ለዋልያ የሚቆረቆር ሰው እንዲበዛ፣ ከየሰዉ ፎቶ እየሰበሰብን ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። የሚያምሩት ሁሉ ግን የድሮ ናቸው። አንተ ያነሳኸውንም ለጠፍሁት፤ ነፍሱን ይማረውና አባዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላው ሰባት ዋልያዎች ይግጣሉ። «እኔን ምን ታደርገኛለህ፣ እነሱን አንሳ እንጂ» ሲልህ ትዝ ይልሃል? ሰው ሁሉ ወደደው። አለቃዬ ግን «ሸጋ ነው፤ የዘንድሮ ከሌለን መኖራቸውን ማን ያምነናል?» አለችኝ።

ለፋሲካ የላክኸውን ያንተን ፎቶ እማዬ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። የለበስኸው አረንጓዴ ሹራብ ስትሄድ ትተኸው የሄድኸው ነው፤ አሁንም እማዬ ሳጥን ውስጥ አለ። ለእሷ አልነገርኋትም። ሳጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ማራኪ ይዤው መጥቻለሁ።

በል እመብርሃን ከፊት ከኋላህ ትሁን። ሲመችህ አንድ ፎቶ ላክልኝ። ፀጉርህ ባይበጠር፣ ልብስህ ባያምር ግድ የለም፤ ብቻ የዘንድሮ ይሁን።

እህትህ ጽጌሬዳ