የድቡ ፊርማ

ጁን 2፣ 1988
የሆቴሉ ማጠቢያ ማሽን ዛሬም ቆመ። አንሶላው ተከምሮ እኛ ቁጭ። አለቃዬ ሊንዳ ቅጽ አወጣች፦ ድብን በውሻ ማደን ይከልከል የሚል። በቂ ፊርማ ከተሰበሰበ በኖቬምበር ምርጫ የግዛቱ ሕዝብ ድምፅ ይሰጥበታል አለች። ውሾቹ ድቡን አሯሩጠው ዛፍ ላይ ያወጡታል፣ አዳኙ ከሥር ቆሞ ይተኩሳል... አንጀቴን በላው። ቶሎ ፈረምኩ። ቅጹን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልውሰደው አልኳት። ማን ጠየቀኝ?

ጁን 5
ከአምልኮ በኋላ፣ ቡሪየን ያለው ቤተ ክርስቲያናችን። ሃያ ሰው ፈረመልኝ! ማንም አላነበበም። "የኛዋ የምሥራች ካመጣችው" እያሉ ፈረሙ። ሽማግሌያችን ጋሼ ኡርጌሳ የጠየቁኝ "የቱ ጋ ነው ልጄ?" ብቻ ነው። ሰው እንዴት ይወደኛል...

ጁን 6
ቅጹን ለሊንዳ ሰጠኋት። አቀፈችኝ።

ጁን 9
ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ቅጽ አገኘሁና አነበብኩት። ግርጌው ላይ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። መፈረም የሚችለው ለምርጫ የተመዘገበ ዜጋ ብቻ ነው፤ እንደማይፈቀድለት እያወቀ የፈረመ ይቀጣል። ዜጋ! ከሃያ አንዳችን ዜጋ የሆነ ማን አለ? ማንም። የጋሼ ኡርጌሳ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ደግሞ ጁን 21 ነው። ዜጋ ሲሆኑ ነቀምት የቀሩትን ሚስታቸውን ቶሎ ያመጣሉ፤ ከተለያዩ ሰባት ዓመት ሆናቸው። እና እኔ በገዛ እጄ... ምነው እጄን በሰበረው።

ሊንዳ ሳቀች። ያልተመዘገበ ስም ሲጣራ ይወድቃል፣ ማንም አይከሳችሁም አለች። ቅጹ ግን ሊንውድ ከተማ፣ የፊርማው አስተባባሪ ዘንድ ሄዷል። ለሷ ቀላል ነው። እኛ ግን ስማችን የሰፈረበት ወረቀት ምን እንደሚያመጣ ከአገራችን እናውቃለን።

ጁን 11
ሊንውድ ደርሼ መጣሁ። ሦስት አውቶቡስ፣ ያውም በዝናብ። አስተባባሪው ደግ ሰው ነው፤ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ሲያገላብጥ ቆይቶ አገኘው። ገና አልቀረበም፣ ውሰጂው አለኝ።

አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቀድጄው ዝም ልበል? ማን ያውቃል? ቃለ መጠይቁ ላይ ሕግ ጥሰው ያውቃሉ ወይ ብለው ይጠይቃሉ አሉ። ለጋሼ ካልነገርኳቸው በንጹሕ ልብ "የለም" ይላሉ። ከነገርኳቸውስ? ዋሽተው የማያውቁ ሰው! ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ሩዙም አረረብኝ።

ጁን 12
ነገርኳቸው። አንብቢልኝ አሉ። አነበብኩ።

"የምሥራች፣ እኔ በቆሎዬን ከከርከሮ የጠበቅሁት በውሻ ነው። ይህንን ነው የፈረምኩት?"

"ታዲያ ለምን ፈረሙ ጋሼ?"

"አንቺ ጠየቅሽኛ። ሰው ፊት እምቢ ልበልሽ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ሃያ ፊርማ ያልኩት ሃያ ይሉኝታ ነው ለካ። ጉባኤው ፊት ቆሜ ተናገርኩ፤ ቅጹን እዚያው ቀደድነው። አንዳንዶቹ አኩርፈውኛል። ይገባኛል። ጋሼ ግን ቃለ መጠይቁ ላይ ከጠየቁኝ እንደሆነው እነግራቸዋለሁ አሉ። ፈራሁ።

ጁን 21
ከሥራ ቦታ ለጋሼ ሁለቴ ደወልኩ፣ አያነሱም። የትራስ ልብሱን ከፎጣ ጋር ቀላቅዬ አጠብኩ...

አለፉ! ተጠይቀው ነበር። ሳያነቡ መፈረማቸውንም፣ ቅጹ መቀደዱንም ተናገሩ። ጠያቂው "ከእንግዲህ ያንብቡ" ብሎ ማህተሙን መታ። ስልኩን ሳልዘጋ አለቀስኩ።

ጁላይ 5
ትናንት ጋሼ ኡርጌሳ የዜግነት መሐላ ማሉ። ዛሬ የሚስታቸውን ማመልከቻ አስገቡ፣ ለምርጫም ተመዘገቡ። አብሬያቸው ነበርኩ። ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ደፈር አልኩና፣ አሁንማ ይፈርማሉ፣ ሊንዳ ሌላ ቅጽ አላት አልኳቸው።

"እምቢ" አሉኝ፣ ፊት ለፊት። ፊርማው ሞልቶ ለምርጫ ከቀረበም ተቃውመው ነው ድምፅ የሚሰጡት።

ድቡ እኮ የማንንም በቆሎ አልበላም አልኳቸው። በምን አወቅሽ አሉ። መውረጃችን ዴ ሞይን እስክንደርስ ተከራከርን። እኔ! ከሽማግሌ ጋር! ሰው ዞሮ እያየን። ሳንስማማ ወረድን።

የሳቸውን ድምፅ ለማትረፍ ሊንውድ ድረስ ዝናብ መታኝ፤ ያ ድምፅ ድቤን ሊቃወም ነው። እኔ ደግሞ ዜጋ ለመሆን ገና ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ተናድጃለሁ። ለዜግነት ያጠኑበትን መጽሐፍ ግን ተውሼ ነው የገባሁት።