አንቺ የቀባሽው ግድግዳ

መዲናዬ፣ የልጆቼ እናት፣

አሏህ ማረፊያሽን ያሳምረው። ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የጨፋ ሜዳ ማሽላም ዘንድሮ አምሯል። የምጽፍልሽ ግን ስለ መታጠቢያ ቤታችን ነው። አብረን ለዋልነው የመጨረሻ ዒድ በገዛ እጅሽ ሰማያዊ የቀባሽው ግድግዳ ከውስጥ ረጠበ። መፍረሱ ግድ ሆነ፤ እኔ ደግሞ ማንም መዶሻ እንዲያሳርፍበት አልፈለግሁም።

መጀመሪያ ችግሩ ከቧንቧው አፍ መስሎኝ ነበር። እንዳስተማርሽኝ ዋናውን ውሃ ዘግቼ ፈታሁትና ያለቀውን ላስቲክ ቀየርኩ። ትዝ ይልሻል? የሱቁ ላስቲክ አይበረክትም ብለሽ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ በመቀስ ትቆርጪ ነበር። መጠኑ ትክክል አይደለም ብዬ ስጨቀጭቅሽ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረህ ቁጣ ብቻ ነው እንዴ እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አንቺ የሠራሽው ቧንቧ ግን ውሃ ጠብ አያደርግም ነበር። ቧንቧውን በመፍቻ በኃይል ሳጠብቅ እጄን ይዘሽ «ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በል አባወራው፣ ጥርሱን ትበላዋለህ» የምትይኝ አሁንም ይሰማኛል።

ላስቲኩ ተቀይሮም ግድግዳው አልደረቀም። ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው መዞሩን ካላቆመ ነገሩ ከእጃችን ወጥቷል፣ ባለሙያ ጥራ ብለሽኝ ነበር። ወጥቼ አየሁት፤ ይዞራል። እያየሁትም ሳምንታት አለፉ፤ እርጥበቱ መኝታ ቤታችን ደረሰ።

በመጨረሻ የጠራሁት የመጀመሪያው ሠራተኛ ከበር እንደገባ መዶሻ አነሳ። ውሃው ሳይዘጋ! አባረርኩት። ልጃችን ሰዓዳ፣ እንግዲህ አባባ ከሚሴ ውስጥ ያልተጣላው ቧንቧ ሠራተኛ አልቀረም ብላ አሾፈችብኝ። ሁለተኛው ገና ዕቃውን ሳያወርድ ቆጣሪው የት እንደሆነ ጠየቀ። ሥራ የሚያውቅ ሰው በመጀመሪያ ጥያቄው ይለያል የምትይው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ፈቀድኩለት። ሲያፈርስ ግን ማየት ስላልቻልኩ ግቢ ወጥቼ ቆምኩ።

የውስጡን የብረት ቧንቧ ዝገት በልቶት ኖሯል። በፕላስቲክ ቀየረው፤ ውሃ ለቆ መጋጠሚያውን በደረቅ ጨርቅ እየዳበሰ ፈተነ፤ ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳውን የመረገው። የምነቅፈው ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ግድግዳው ደርቋል። በሰማያዊው መሃል ግን ትልቅ የሲሚንቶ ጠባሳ ቀርቷል። ሰዓዳ ሙሉውን በአዲስ ቀለም እናድሰው ብትል እምቢ አልኳት። ሰው ቤት ባየው ባለቤቱን የምቆጣበት ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ከጠባሳው በላይ፣ ወደ ጣሪያው ጥግ፣ ብሩሽሽ የተዛነፈበት መስመር ተርፏል። ያኔ አስተካክይው ብልሽ አሻፈረኝ አልሽ። እንኳንም አልሽ።

ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ውዱእ አድርጌ ከመታጠቢያ ቤቱ በወጣሁ ቁጥር ዱዓ አደርግልሻለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚያ ግድግዳ ላይ የሌላ ሰው ብሩሽ አያርፍም።