ዳክዬ የሌለበት መጽሐፍ

ለተከበሩት አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ያ ሲነሡ የሚይዝዎ ወገብዎስ? እንቅልፍ ይተኛሉ? እህል በደንብ ይበሉልኛል? እኔ፣ ባለቤቴና እርስዎ «መርማሪዋ» የሚሏት የልጅ ልጅዎ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ፊደሌ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ገዝፎ ሲያዩት እንዳይስቁብኝ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርዎታለሁ።

በየእሑዱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ያዘዘችኝ መርማሪዋ ናት። በስልክ ከሆነ ትስቅና ታድበሰብሰዋለህ፣ ጻፍለት አለችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ አባቷን ይህን ያህል ስታውቀው ያሳፍራል። ከመታሸጉ በፊትም ታነበዋለች፤ ስለዚህ አባባ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው።

ከአምስት ወር በፊት የላኩላትን የጀልበኛውን መጽሐፍ ያስታውሱታል። ያን ከሱቅዎ መደርደሪያ የማይጠፋውን አሮጌ መጽሐፍ ፈትተው፣ እንደገና ሰፍተው፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ለብጠው፣ ስሟን በወርቃማ ቀለም ጽፈውበት ላኩት። ውስጡ ባስቀመጧት ብጣሽ ወረቀት ላይ «አባትሽ ያንብብልሽ፤ እሱ ልጅ ሆኖ ይወደው ነበር» ብለዋል። አባባ፣ አልወደውም ነበር። አንብቤውም አላውቅም።

በሱቅዎ ውስጥ የእኔ ሥራ አዲስ የተጠረዘ መጽሐፍ ማላላት ነበር። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ከፊት ጥቂት የወረቀት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል እየተጫኑ ወደ መሀል መምጣት፤ ጀርባው እንዳይሰበር። እንዲያ አድርጌ ስንት መቶ መጽሐፍ ከፍቻለሁ፤ አንዱንም አላነበብኩም። እርስዎ ከሙጫው ቀና ብለው «ወደድከው?» ሲሉኝ «በጣም» እል ነበር። ታሪኩን ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ በአጭሩ የምታቀብለኝ እህቴ ነበረች። እርስዎም አንባቢ ልጅ አለኝ እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ያወሩልኝ ነበር።

እናም መጽሐፉ ሲደርሰን ነገ እንጀምረዋለን አልኩ። ከምሠራበት ዳቦ ፋብሪካ ስመለስ እግሬ እንጨት ይሆናል፤ ነገ አልኩ፣ ደግሞም ነገ አልኩ። እንዳይቆሽሽ በሚል ሰበብ ከነመጠቅለያው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ። እርስዎ በየእሑዱ ጀርባው ላልቶ ለቀቀ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ እየለቀቀ ነው እያልኩ አምስት ወር ገፋሁ። በመጨረሻ ለሚቀጥለው እሑድ ታሪኩን ልጅቷ ራሷ ትንገረኝ ሲሉኝ ላብ አጠመቀኝ።

በማግስቱ ሰፈራችን ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ ፊልም ፍለጋ። ለካ ያ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ፊልም ሆኗል። ሠራተኛዋ ሦስቱንም ደረደረችልኝ። አንደኛው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፤ ከመጽሐፉ ንቅንቅ ያላለው እሱ ነው አለች። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ልጅ ኮረዳ አድርገው ፍቅር አስይዘዋታል። ሦስተኛው ካርቱን ነው፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ሴትየዋ ደግ ናት። የልጄን ዕድሜ ጠየቀችኝ፣ ሐዘን ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ቀጥላም መጽሐፉን አንብቤው እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ላነበበው ሰው ምርጫው ቀላል ነው ብላ። እኔ ምን ብዬ ብመልስላት ጥሩ ነው? አባቴ መጽሐፍ ጠራዥ ነው አልኳት። በአክብሮት ራሷን ነቀነቀች። እኔም በእርስዎ ክብር ተከልዬ አጭሩን አንሥቼ ወጣሁ። የመረጥኩት ለልጄ የሚሆነውን አልነበረም፤ ለእኔ የሚቀለኝን ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አየነው። ኮፍያ ያደረገች፣ የምትዘፍን ዳክዬ አለችበት። ጎርፉ ሲመጣ ጀልበኛውን ከሞት የምታወጣው እሷ ናት፤ በመጨረሻ ሁሉም ወንዝ ዳር ይጨፍራሉ። መርማሪዋ መጽሐፉም እንዲህ ነው ወይ አለችኝ። እንዲህ ነው አልኳት። ዳክዬዋም አለች ወይ አለችኝ። አለች አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እሑድ የሆነውን ያውቁታል። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዱንም ሳታስቀር ተረከችልዎ። ዳክዬዋ ላይ ስትደርስ ቀስ ብለው «የቷ ዳክዬ?» አሉ። እኔ ከጎኗ ፈጥኜ ገባሁና ልጅ አይደለች፣ ከራሷ እየጨመረች ነው አልኩዎ። ሳቅሁም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችኝም፤ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ ተነሥታ ሄደች። አባባ፣ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ውሸቴን በልጄ ላይ ስጭን ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያን አስተያየቷን ባሰብኩ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። እርስዎ ዳክዬዋን ትተው ጀርባው ለቀቀ ወይ ብቻ አሉኝ። ለቋል አልኩዎ።

ስልኩን ከዘጋን በኋላ ይህቺን እንኳ እውነት ላድርጋት ብዬ መጽሐፉን ከመጠቅለያው አወጣሁት። ጀርባውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ፤ እጄ አልረሳም። ከፊት ጥቂት ቅጠል፣ ከኋላ ጥቂት ቅጠል። ከኋላ ስከፍተው ፊደሉ ተዘቅዝቆ አገኘሁት። የመጨረሻው እጥፍ፣ አሥራ ስድስቱም ገጽ፣ ቁልቁል ተሰፍቷል።

እኔ ያደግኩት አንድ ቅጠል ተንጋደደ ብለው ያለቀ መጽሐፍ ሲፈቱ እያየሁ ነው። ወዲያው ለእህቴ ደወልኩላት። ዓይንዎ ከደከመ ወራት እንደሆነው፣ ክር በመርፌ የምታስገባልዎ እሷ እንደሆነች፣ ሲሰፉ ወንበርዎን በሩ ድረስ እንደሚያስጠጉ፣ ለእኔ እንዳትነግርም እንደለመኗት አወጣች። እንዳይቆጧት፤ አስጨንቄ ነው ያናገርኳት። ፊደሌን ያገዘፍኩትም ለዚሁ ለዓይንዎ ነው። እኔ ግን መጽሐፉን በደረሰኝ ቀን ከፍቼው ቢሆን ዓይንዎ መድከሙን ከአምስት ወር በፊት አውቅ ነበር። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሊነግረኝ የመጣውን መጽሐፍ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥኩት። ከውሸቱም ሁሉ ይበልጥ አንገቴን ያስደፋኝ ይህ ነው።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው መጽሐፉን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ ወጥ ቤት ቁጭ ብለን በየቀኑ አንድ ምዕራፍ አነበብኩላት፤ እየተደናቀፍኩ። ወንዝ ዳር ተጥላ ያገኛትን ሕፃን ጀልበኛው እንዴት እንዳሳደጋት በአርባ አንድ ዓመቴ ገና ማወቄ ነው። መርማሪዋ በየምዕራፉ መጨረሻ እስካሁን ዳክዬ የለችም ትለኛለች። ይገባኛል፣ ዋጥ አደርጋታለሁ።

የመጨረሻው እጥፍ ጋ ስንደርስ ነገሩን ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ገለበጠችው። ከኋላው ሽፋን ሲጀመር ለካ ሁሉም ገጽ ቀጥ ብሎ ይነበባል። «ጀልበኛው ከወንዙ ማዶ ስለቀረ አባባ መጨረሻው ከማዶ እንዲጀምር ብሎ ነው የሰፋው» አለችኝ። አስቦበት አይደለም፣ ዓይኑ ደክሞ ነው አልኳት፤ ከእንግዲህ ልዋሻት አልችልም። ባያስብበትም ልክ ነው አለች። ጀልበኛው አይመለስም አባባ። እርስዎ ያውቁ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። ያሳደጋት ልጅ ጀልባውን ብቻዋን ስትይዘው መጽሐፉን ለልጄ አቀበልኳት፤ አንብባ የጨረሰችልኝ እሷ ናት። ሐዘን የማልችለው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ካርቱኑን አብረን መለስን። አሁን መራጯ እሷ ሆነች። ጥቁርና ነጩን ስታነሣ ሠራተኛዋ ይረዝምብሻል አለቻት። ጀልበኛው ይመለሳል ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ አይመለስም ስትላት እንግዲያው እሱ ነው አለች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ያን ጊዜ መጽሐፉን አላነበብኩትም ነበር አልኩ። ሴትየዋ አውቄአለሁ አለችኝ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከእህቴ ጋር ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂዱልኝ። ደህና ነኝ እንዳይሉኝ፤ ለዚህ ቤት የእኔ ውሸት ይበቃዋል። መጽሐፉን ላኩት ላስተካክለው እንደሚሉም አውቃለሁ። መርማሪዋ አትሰጥም፤ እኔም አላስገድዳትም።

ለእህቴ እንደ ልጅነታችን ስላዳነችኝ ምስጋናዬን፣ ለባሏ ለሾፌሩ ሰላምታዬን፣ መንታ ልጆቿን በሁለቱም ጉንጫቸው ይሳሙልኝ። ሱቅዎ ደጃፍ ለሚቀመጡት ጫማ ጠጋኝም የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ አንባቢ ነው ብለው ያወሩላቸው ልጅ ዘንድሮ አንድ መጽሐፍ ጨረሰ ይበሏቸው። ባለቤቴ ጉልበትዎን ስማለች።

ከወረቀቱ ጀርባ መርማሪዋ የራሷን ጽፋለች፤ ከእኔ ይልቅ ፊደሏ ይገዝፋል። ገልብጠው ከወዲያ በኩል ይጀምሩት። ምን እንዳለች አላሳየችኝም። ለአባባ ይህን ብቻ ንገርልኝ አለችኝ፦ ዳክዬ የለበትም።

ይቅርታዎን የሚጠብቅ ልጅዎ
ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ግንቦት 11 ቀን