ሰባቱ አንዶች

ጥቅምት 11
የስምንተኛ ክፍል ደብተር ሳርም ዋልኩ። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ነው። የኡበይድ ወንበር ባዶ... ሊመረመር ደሴ ሄዷል። ሃያ ዓመት አብረን ሒሳብ አስተማርን። የመምህራን ክፍሉ ይህን ያህል ሰፊ ነበር እንዴ?

ማምሻውን ደወለ። ሆዱ ውስጥ ዕጢ አለ አሉት። ቀዶ ጥገና።

ጥቅምት 14
ኡበይድ ከደሴ ተመልሷል፤ ቤቱ የወዳጃ ዱዓ ነበር። እንደ ሁልጊዜው እኔም ገባሁ። ሽማግሌው የእያንዳንዱን ሐጃ እየጠየቁ መረቁ፤ አሚን አልን። ኡበይድ ተራው ሲደርስ ጤና ለመነ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሌላ ነገር...

1,111,111። ሰባት አንድ ተደርድሮ። በሦስት ሲያካፍለው አንድ ተረፈው። በሰባትም አንድ። በአስራ አንድ፣ በአስራ ሦስት... አንድ።

"ማንም ቁጥር ካልከፈለው ከቀዶ ጥገናው እመለሳለሁ። ከተከፈለ በቃ። አንተ ጨርስልኝ። በእጅህ ግን፣ በስልክ እንዳትነካው።"

ሚስቱ ዑምኩልሱም በህልም ስትጨነቅ ይስቅባት የነበረ ሰው። አንተም ፋል ጀመርክ? ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም።

ጥቅምት 16
እስከ መቶ ደረስኩ። ከፋይ የለም። ለምን ደስ አለኝ? ቁጥሩ እኛ ሳንወለድም ያው ነበር። ስለ ዕጢ ምን ያውቃል?

ቀጠልኩ። ከካሬ ሥሩ፣ ከሺህ ሃምሳ አራት፣ ማለፍ አያስፈልግም። እስከዚያ ከፋይ ካልተገኘ የለም ማለት ነው።

ጥቅምት 17
239።
በ4,649 ሲባዛ ልክ ይመጣል። ደግሜ ሠራሁት። ደግሜ...

ጥቅምት 18
ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ከሆስፒታል ደወለ።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"እህስ?"

"አይከፈልም።"

"አላህ ይስጥልኝ፣ አስሬ" አለ።

የተማሪ ስህተት አይቼ አልፌ አላውቅም። የዋሸሁት ለእሱ ነው... ወይስ ለራሴ?

ጥቅምት 19
አልነቃም።

ጥቅምት 24
ሐዘን ቤት። ዑምኩልሱም ለብቻ ጠራችኝ። ቀዶ ጥገና ክፍል ሊገባ ሲል ሳቀ አለችኝ። ምን ያስቅሃል ብትለው፣ "አስረስ ዋሸኝ" አለ።

በምን አወቀ?

"እኔ ምን አውቄ፣ መምህር። 'ሃያ ዓመት በቁጥር ዋሽቶኝ አያውቅም። ድምፁ እንቢ አለው' ነው ያለኝ።"

ፈርቶ እንደሆነ መጠየቅ ፈለግሁ። እሷ ግን ፊቴን አየችው መሰለኝ... "ለእኔ ብሎ እኮ ነው እያለ ነው የገባ" አለችኝ።

እንግዲህ እያወቀ ገባ። ፋሉን አምኖ ነው? ወይስ ትቶት?

ኅዳር 2
ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ኑርሀያት የምትባል ተማሪ ደብተሯን አመጣች። በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። 227፣ አይከፍልም። 229፣ አይከፍልም። 233...

እንድትሳሳት ተመኘሁ። እኔ፣ አስተማሪዋ።

አልተሳሳተችም። አጠገቤ ቆማ ትጠብቃለች። ቀዩ እስክሪብቶ እጄ ላይ... የ"ትክክል" ምልክቷን እስካደርግላት ብዙ ቆየሁ።